ለኢሜይሉ መልስ ይሰጥ፦ ለዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራሮች፣ ለትምህርት ቢሮዎችና ለርዕሳነ መምህራን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤቶች
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች
ለትምህርት ቤት ርዕሳነ መምህራን

ጉዳዩ፦ ውጭ አገር ባሉ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ለመቀጠር የሚያመለክቱ መምህራንን የትምህርትና የሥራ ማስረጃ ይመለከታል

የተከበራችሁ የሬጅስትራር ባልደረቦች፣ የቢሮ ኃላፊዎችና ርዕሳነ መምህራን፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በእስያ ባሉ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች የምናስተምር፣ ከኋላችን ለሚመጡትም ሰነድ በማዘጋጀት የምናግዝ ኢትዮጵያውያን መምህራን ነን። የምንጠይቃችሁ በጀት ወይም አዲስ አዋጅ አይደለም። አንድ መምህር ቃለ መጠይቁን አልፎ፣ የናሙና ትምህርቱን አስተምሮ፣ የቅጥር ደብዳቤም ይዞ እያለ ቦታውን የሚያጣው ብዙውን ጊዜ አገር ቤት በቀረ ወረቀት ምክንያት ነው። ወረቀቱ ሐሰት ሆኖ አይደለም። ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥለት ሰው ስለሌለ፣ ወይም የውጭ አንባቢ በማይገባው መንገድ ስለተጻፈ ነው። ሁለቱም በእናንተ እጅ የሚስተካከሉ ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ጊዜው እንናገር። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ትምህርት የሚጀምሩት ነሐሴ አጋማሽ ገደማ ነው። ቅጥሩ ግን ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይጀመራል፤ ነባሮቹ መምህራን ለቀጣዩ ዓመት እንደሚቆዩ ወይም እንደሚለቁ የሚያሳውቁት ያን ጊዜ ነውና። ጥሩ ጥሩው ቦታ እስከ የካቲት ያልቃል። ከመጋቢት በኋላ የሚወጣው አንድም አዲስ የተከፈተ ክፍል ነው፣ አንድም ሰው ድንገት የለቀቀበት። የቅጥር ደብዳቤው ለመልስ የሚሰጠው ጊዜ ቀናት እንጂ ወራት አይደለም፤ ከፊርማው በኋላ የተረጋገጠ ሰነድ ለማቅረብም ጥቂት ሳምንታት ብቻ ይሰጣሉ። ስለዚህ የመምህሩ ጥያቄ እናንተ ዘንድ የሚደርሰው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። መልሱ ሐምሌ ላይ፣ የምረቃው ግርግር ካለፈ በኋላ ሲመጣ ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል።

ከሁሉ አስቀድመን የምናነሳው የማጣሪያ ኢሜይሉን ነው። ትምህርት ቤቱ፣ የአገሩ የትምህርት ባለሥልጣን ወይም እንደ ዳታፍሎው ያለ አጣሪ ድርጅት ዲግሪውን ከምንጩ ያጣራል። ለእናንተ የሚመጣው መልእክት አጭር ነው፤ የዲግሪውና የትራንስክሪፕቱ ስካን፣ ባለቤቱ «መረጃዬ ይሰጥ» ብሎ የፈረመበት ቅጽና ጥቂት ጥያቄዎች ናቸው። በዚህ ስም የተመረቀ ሰው አለ? በየትኛው ፕሮግራም? መቼ? በመደበኛ ነው በማታ? ይህ ሰነድ ከእናንተ የወጣ ነው? ማኅደሩ እጅ ላይ ካለ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። አጣሪው መልስ ሲያጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ያስታውሳል፤ ከዚያ ፋይሉን «ማረጋገጥ አልተቻለም» ብሎ ይዘጋዋል። አሠሪው ይህን ቃል ሲያነብ ሰነዱ ሐሰተኛ ከመሆኑ አይለየውም፤ የልጆች ትምህርት ቤት በጥርጣሬ ሰው አይቀጥርም።

መልስ የሚጠፋበትን ምክንያት እናውቀዋለን። አድራሻው ድረ ገጽ ላይ ከተለጠፈ ዓመታት አልፈዋል፤ የከፈተው ሠራተኛ ተዛውሯል፣ የይለፍ ቃሉም አብሮት ሄዷል። ወይም ሳጥኑ ሞልቶ መልእክቱ ተመልሷል። ወይም ከባድ አባሪ ስላለው ስፓም ውስጥ ገብቷል። ወይም ደግሞ መልእክቱን ያየው ባልደረባ «ይህ በደብዳቤ ይቅረብ፣ በኢሜይል መልስ የመስጠት ሥልጣን የለኝም» ብሎ ወደ ጎን ብሎታል። ይህን ሠራተኛ አንወቅስም፤ መልስ ስጥ ብሎ በጽሑፍ የፈቀደለት የለም። ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። በሰው ስም ሳይሆን በሥራ ክፍሉ ስም የተከፈተ፣ በዩኒቨርሲቲው ዶሜይን ላይ ያለ አንድ አድራሻ ይኑር። ቢያንስ ሁለት ሰው ይክፈተው። የማጣራት መልስ በኢሜይል መስጠትን የሚፈቅድ የአንድ ገጽ መመሪያ ይፈረም። መልሱ በ5 የሥራ ቀናት ይውጣ። ማኅደሩ ከመዝገብ ቤት እስኪወጣ ጊዜ ከወሰደ «ጥያቄው ደርሶናል፤ እስከዚህ ቀን ድረስ እንመልሳለን» የሚል አንድ መስመር ብትልኩ ፋይሉ ክፍት ይቆያል። ለማጣራት ክፍያ የምትጠይቁ ከሆነ ደግሞ ጠያቂው ዶሃ ወይም ሻንጋይ ተቀምጦ የሚከፍልበት መንገድ ያስፈልጋል፤ በአካል ቀርቦ ባንክ ገቢ አድርጎ ደረሰኝ ማምጣት ለውጭ ድርጅት አይቻልም።

በጦርነቱ ጊዜ መዝገብ ቤታቸው የተጎዳ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራቂዎች ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ማኅደሩ ከሌለ «አላገኘነውም» ብሎ መመለስ የሰውን አራት ዓመት መሰረዝ ነው። የምረቃ መጽሔት፣ የሴኔት ቃለ ጉባኤ፣ የዲፓርትመንት የውጤት ዝርዝር፣ ተመራቂው ራሱ ያስቀረው ኦርጅናል፤ ከእነዚህ ሁለቱ ከተገጣጠሙ ማኅደሩን መልሶ ማቋቋም ይቻላል። ይህን የሚሠራ ኮሚቴ ይሰየም፤ ተመራቂውም ለማን እንደሚያመለክት ይነገረው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ይዘት እንግባ። ብዙ መምህራን ዲፕሎማቸውን ወደ ዲግሪ ያሳደጉት በክረምት ፕሮግራም ነው። ይህ ለእኛ ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም፦ መምህሩ ዓመቱን ሙሉ ያስተምራል፣ ክረምቱን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በአካል ይማራል፣ እንዲህ እያለ በተከታታይ ክረምቶች ይጨርሳል። የውጭው አጣሪ ግን በትራንስክሪፕቱ ላይ «ሰመር» የሚለውን ሲያነብ የሁለት ወር አጭር ኮርስ ይመስለዋል። ወይም በርቀት የተወሰደ ይመስለዋል፤ በርቀት የተገኘን ዲግሪ ደግሞ ብዙ የባሕረ ሰላጤ አገሮች ለመምህርነት ፈቃድ አይቀበሉም፣ ቢቀበሉም በጥብቅ ይመረምሩታል። ይህን የሚፈታው ከትራንስክሪፕቱ ጋር የሚሄድ አንድ አንቀጽ ነው፦ ትምህርቱ በአካል የተሰጠ መሆኑ፣ የት ግቢ እንደተሰጠ፣ ስንት ክረምት እንደወሰደ፣ ጠቅላላ የክሬዲት ሰዓቱ ስንት እንደሆነ፣ ከመደበኛው ተማሪ ጋር አንድ ዓይነት ሥርዓተ ትምህርት መሆኑ። ለማታና ለኤክስቴንሽንም እንዲሁ። በእውነት በርቀት የተማረ ከሆነ ደግሞ በርቀት ተብሎ ይጻፍ፤ ሸፍኖ መጻፍ መምህሩን ኋላ ከሥራው ያስነሳዋል፣ ቀጥሎ የሚመጣውን የእናንተን ተመራቂ ሁሉ ያስጠረጥራል።

ፒጂዲቲም እንዲሁ ነው። እኛ አገር በትምህርት ዓይነቱ ዲግሪ ይዞ ከዚያ የመምህርነቱን ሥልጠና በፒጂዲቲ የወሰደ መምህር፣ ውጭ የእንግሊዞቹን የመምህርነት ማስረጃ በመጥቀስ «ፒጂሲኢ አለህ?» ሲባል የለኝም ብሎ ይወጣል። የያዘው ግን ዲግሪ ላይ የተጨመረ፣ በትምህርት ቤት ውስጥ የተግባር ልምምድ ያለበት የመምህርነት ሥልጠና ነው። የኮርሶቹ ርዕስ ብቻውን ይህን አይናገርም። ሬጅስትራሩ በትራንስክሪፕቱ ግርጌ ወይም በተለየ ደብዳቤ «ይህ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚሰጥ የመምህርነት ሙያ ሥልጠና ነው፤ በትምህርት ቤት ክትትል የሚደረግበት ይህን ያህል ሳምንት ልምምድ አለው» ብሎ ቢጽፍ ብዙ በር ይከፈታል። የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤም አብሮ ይሰጥ። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በእሱ ይረካሉ፤ ያኔ መምህሩ ሁለት ዓመት ብቻ ለሚያገለግል የአይኢኤልቲኤስ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ገንዘብ አያወጣም።

ስም። እኛ የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም እንጽፋለን፤ የቤተሰብ ስም የሚባል የለንም። ፓስፖርቱ ሦስቱንም ይዞ ዲግሪው ሁለቱን ብቻ ሲይዝ፣ የውጭው ጸሐፊ ሁለት ሰው ነው ብሎ ይደመድማል። ከዚህ የባሰው የአጻጻፉ አለመመሳሰል ነው፦ የአሥረኛ ክፍል ካርዱ ላይ «ገ/ማርያም»፣ ዲግሪው ላይ ተለያይቶ «ገብረ ማርያም»፣ ፓስፖርቱ ላይ ተያይዞ «ገብረማርያም»። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ «ፀሐይ»ን አንዱ በቲኤስ ይጀምራታል፣ ሌላው በቲ ብቻ፤ መጨረሻዋን አንዱ በዋይ ይዘጋል፣ ሌላው በአይ። ለእኛ አንድ ስም ነው። ለኮምፒዩተሩ አራት ነው። መፍትሔው ሲመዘገቡ የላቲን አጻጻፉን ከፋይዳ ወይም ከፓስፖርት መውሰድና እስከ ምረቃ አለመቀየር ነው። ቀድሞ ለተመረቀው ደግሞ በማረጋገጫ ደብዳቤው ላይ «በሰነዳችን እንዲህ ተብሎ የተጻፈው፣ በፓስፖርቱም እንዲህ ተብሎ የተጻፈው ሰው አንድና ያው ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከፓስፖርት ቁጥር ጋር ትጨመር። መምህሩ በውልና ማስረጃ የስም ማረጋገጫ ቢያወጣም የእናንተ ቃል ከእሱ ይበልጣል፤ ሰነዱን የሰጣችሁት እናንተ ናችሁና።

የዘመን አቆጣጠሩ ከስሙም በላይ ይጎዳል። እንበልና አንዲት መምህርት ሐምሌ 2008 ተመርቃ ከመስከረም 2009 እስከ ሰኔ 2014 አስተማረች። ዲግሪዋ ላይ የምረቃው ቀን በአውሮፓውያኑ ተቀይሮ ጁላይ 2016 ተብሏል፤ የሥራ ልምዷ ግን በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ እያለ ዓመቶቹ እንዳሉ ቀርተዋል፦ «ከ2009 እስከ 2014»። የውጭው አንባቢ የሚያየው ከመመረቋ ሰባት ዓመት በፊት ማስተማር የጀመረች፣ ከመመረቋ በፊትም ሥራ ያቆመች ሰው ነው። ፋይሉ ወደ ጎን ይደረጋል፤ ደውሎ የሚጠይቅ የለም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚጨመረው ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ ስምንት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጸሐፊው ግን ተቻኩሎ ለሁሉም ስምንት ሲጨምር የአንድ ዓመት ስህተት ይገባል። እባካችሁ በእንግሊዝኛ የሚወጣ ማንኛውም ደብዳቤ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ የእኛውን ቀድሞ፣ የእነሱን በሙሉ ቃል አስከትሎ። በማዕዘኑ ላይ የምትጻፈው «ዓ.ም.» ሲተረጎም ትጠፋለችና በእሷ አትተማመኑ።

የተቋማቱ የራሳቸው ስምም ተቀይሯል። ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዓለማያ ሐረማያ ሆኗል፤ ኮተቤ ከመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተነሥቶ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የድሮውን ስም የያዘ ዲግሪ ያለው መምህር አጣሪው በዝርዝሩ ላይ ሲፈልግ ተቋሙን አያገኘውም፣ ወይም የተዘጋ ኮሌጅ ይመስለዋል። ስሙ መቼና በምን ሕግ እንደተቀየረ የምትናገር አንድ ገጽ በድረ ገጻችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ትለጠፍ። አንዴ ተሠርታ ለሺህ ሰው ታገለግላለች።

ኦርጅናሉ እስኪሰጥ ስለሚያዘው ጊዜያዊ ማስረጃ፣ ስለ ቴምፖራሪም ማለት ያለብን አለ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳውን እስኪጨርስ ኦርጅናል ዲግሪውንና በታሸገ ፖስታ የሚላከውን ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አያገኝም። ዕዳው መከፈሉን አንቃወምም። መምህርነት የተማረ ሰው ግን ዕዳውን በገንዘብ ሳይሆን በአገልግሎት የሚወጣበት አሠራር አለ፤ አገልግሎቱንም ጨርሶ ክሊራንስ ማግኘቱ ነው የሚከብደው። ያገለገለበት ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ላይ እየተጻፈ ሲሄድ አንዱ ፊርማ ላይ ይቆማል፤ ሦስት ወረዳ ተዛውሮ የሠራ መምህር ሦስቱም ቦታ እየሄደ ይለምናል። የትምህርት ቢሮዎች አገልግሎቱ ያለቀለትን መምህር በየዓመቱ መጨረሻ ዘርዝረው ለየዩኒቨርሲቲው በአንድ ጊዜ ቢልኩ መምህሩ መሄድ ሲፈልግ ዲግሪው ጠብቆት ይገኛል። የውጭ ቆንስላ በቴምፖራሪ ላይ ማኅተም አያደርግም፤ ስለዚህ ከዚህ ሳይታለፍ ቀጥሎ ያለው ሁሉ አይጀመርም።

ርዕሳነ መምህራን ሆይ፣ የእናንተ ድርሻ ከሬጅስትራሩ አያንስም። የተለመደው የሥራ ልምድ ደብዳቤያችን የደመወዙን መጠንና የሥራ ግብር መከፈሉን ይናገራል። ምን ትምህርት፣ ስንተኛ ክፍል፣ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ፣ ሙሉ ጊዜ ነው ወይስ በትርፍ ጊዜ፣ የሚለውን አይናገርም። ዓለም አቀፉ ትምህርት ቤት የሚፈልገው ደግሞ ይህን ነው። «የሒሳብ መምህር፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል፣ በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ፣ ሙሉ ጊዜ» የምትል መስመር ከአንድ ገጽ ምስጋና ትበልጣለች። ፈራሚው ስሙን፣ ኃላፊነቱንና የሚደወልበትን ስልክ ይጻፍ፤ ክቡ ማኅተም ፊርማውን ሸፍኖ እንዳይነበብ አታድርጉት።

ከልምዱ ይልቅ የሚከብደው ምስክርነቱ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በበርካታ አገሮች ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ለአሥርት ዓመታት ያስተማረ አንድ አሜሪካዊ መምህር ልጆችን ሲበድል መኖሩ ከታወቀ ወዲህ፣ እነዚህ ትምህርት ቤቶች በጋራ ግብረ ኃይል አቋቁመው የቅጥር አሠራራቸውን አጥብቀዋል። ከዚያ ወዲህ ለመምህሩ በእጁ የሚሰጥ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ብዙም ዋጋ የለውም። ምስክርነቱ የሚጠየቀው ከቅርብ አለቃውና አሁን ከሚሠራበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው፤ በምስጢር፣ በቀጥታ፣ አብዛኛውን ጊዜ በኢንተርኔት በሚሞላ ቅጽ። ቅጹ ውስጥ መልስ ሳይሰጥባቸው የማይታለፉ ጥያቄዎች አሉ፦ ይህ ሰው ከልጆች ጋር መሥራቱ ያሳስብዎታል? የዲሲፕሊን ክስ ቀርቦበት ያውቃል? መልሰው ይቀጥሩት ነበር? ለመጨረሻው ጥያቄ «አይ፣ ስለሚለቅ» ብሎ የመለሰ ርዕሰ መምህር ሳያስበው መምህሩን ጥሎታል። ጥያቄው ስለ ጠባዩና ስለ ብቃቱ እንጂ ስለ መልቀቁ አይደለም። በሌላ በኩል እውነተኛ ስጋት ካላችሁ ደብቃችሁ አትለፉት፤ የልጅ ደኅንነት ከማንም ሰው ሥራ ይበልጣል።

ቅጹ የሚላከው በትምህርት ቤቱ ስም ወደተከፈተ ኢሜይል ነው። ከግል ጂሜይል የመጣ ምስክርነት መምህሩ ራሱ የከፈተው ሊሆን ይችላል ተብሎ ብዙ ጊዜ ይጣላል። የክልልና የከተማ ትምህርት ቢሮዎች በቢሮው ዶሜይን ስር ለእያንዳንዱ ርዕሰ መምህር አድራሻ ቢከፍቱ ይህ ችግር በአንድ ወር ያልቃል። የአድራሻው ስም ከሰውየው ጋር ሳይሆን ከወንበሩ ጋር ይሁን፤ ርዕሰ መምህር በየዓመቱ ይለዋወጣል።

ለቢሮዎቹ አንድ ተጨማሪ ነገር። እንግሊዝ በ2023 እ.ኤ.አ. ውጭ አገር የሠለጠኑ መምህራን ለእሷ የመምህርነት ማዕረግ ለኪውቲኤስ የሚያመለክቱበትን በር ለዘጠኝ አገሮች ስትጨምር ከአፍሪካ ጋና፣ ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካና ዚምባብዌ ገብተዋል፤ ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። እንዲህ ያለ ማመልከቻም ሆነ ሌሎች አገሮች የሚጠይቁት ከመምህሩ አገር ፈቃድ ሰጪ አካል የሚወጣ ደብዳቤ ነው፦ ባለቤቱ በአገሩ ለማስተማር ብቁ መሆኑ፣ የትኛውን ትምህርትና የትኛውን የዕድሜ ክልል እንደሚያስተምር፣ ፈቃዱ እንዳልታገደ፣ የተጀመረ ክስ እንደሌለበት። እኛ ዘንድ የሙያ ፈቃድ ምዘናውን ያለፉ መምህራን አሉ፤ ይህን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ የሚያገኙበት መስኮት ግን በግልጽ አይታወቅም። መስኮቱ የት እንዳለ፣ በስንት ቀን እንደሚሰጥ ይገለጽ።

ከእናንተ የምንጠብቀው ተቃውሞ አለ፤ ተገቢም ነው። ገጠር ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ታጥቶ እያለ ያለውን እንዴት እናስወጣ? ይህ ጥያቄ እኛንም ያንገበግበናል። ነገር ግን ወረቀት በመያዝ መምህር አይያዝም። ዲግሪው ያልተረጋገጠለት ሰው በቱሪስት ቪዛ ይሄዳል፤ የሥራ ፈቃዱ ላይ «መምህር» ተብሎ ስለማይጻፍ በረዳትነት ወይም በሌላ ሥራ ስም ይቀጠራል፣ ደመወዙም በዚያው ይወርዳል። ወይም አገር ውስጥ ሆኖ ማስተማሩን ትቶ ወደ ንግድ ይገባል። ሁለቱም መንገድ ለተማሪው መምህር አያመጡም። ሰነዱን አስተካክሎ የሄደው ግን የአይቢን ወይም የካምብሪጅን ዓለም አቀፍ ሥርዓተ ትምህርት አሠራር ተምሮ፣ በሁለት ዓመት ኮንትራት መጨረሻ መመለስ የሚችልበት መንገድ አለው። ለሚመለስ ሰው ያ የውጭ ልምድ በደረጃ እድገቱ ላይ እንዲቆጠርለት ብታደርጉ ተመላሹ ይበዛል፤ ይህም የእናንተ ውሳኔ ነው።

ይህን ለምታነቡ፣ ለመሄድ ለተዘጋጃችሁ መምህራንም ጥቂት ቃል። ሁሉን ወረቀት በአንድ ቀን አትጀምሩ። ዲግሪና ትራንስክሪፕት ጊዜ አያልፍባቸውም፤ ዛሬ ጀምሩ፣ ከዩኒቨርሲቲው ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ወደ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ ወደ ኤምባሲው ይሂዱ። የፖሊሱ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ግን ብዙ ቦታ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ብቻ ስለሚያገለግል አሻራውን የቅጥር ደብዳቤ ከያዛችሁ በኋላ ስጡ። ሌላ አገር ኖራችሁ ከነበረ የዚያንም አገር ማስረጃ ይጠይቋችኋል፤ ከዚያ አገር ሳትወጡ ማውጣት ከሩቅ ከመፈለግ በብዙ ይቀላል።

«ዓለም አቀፍ» የሚለው ቃል በሕግ የተጠበቀ አይደለም፤ ማንም በሩ ላይ ይጽፈዋል። ትምህርት ቤቱ አይቢ ነኝ ካለ በአይቢ ድረ ገጽ፣ ካምብሪጅ ነኝ ካለ በካምብሪጅ ድረ ገጽ ስሙን ፈልጉ። ዱባይ ውስጥ ከሆነ የከተማዋ የግል ትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ኬኤችዲኤ ያወጣቸውን የትምህርት ቤቶች ፍተሻ ሪፖርቶች ማንም ማንበብ ይችላል። ለቪዛ፣ ለምዝገባ ወይም ለ«ኮታ» ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ እዚያው አቁሙት፤ በኤምሬቶች ሕግ የቅጥር ወጪ የአሠሪው ነው፣ ፓስፖርታችሁንም ሊይዝ አይችልም። ቻይና የምትሄዱ ከሆነ በዜድ (በሥራ) ቪዛ ካልሆነ አትሳፈሩ፤ «በቱሪስት ግቡ፣ እዚህ እንቀይራለን» የሚለው ቃል በብዙዎች ላይ መዘዝ አምጥቷል። እዚያ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህርነት ለተወሰኑ አገሮች ዜጎች የተከለለ ስለሆነ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ ወይም ኮምፒዩተር የምታስተምሩ የተሻለ ዕድል አላችሁ።

ኮንትራቱን ስታነቡ ዓይናችሁ መጀመሪያ መሠረታዊ ደመወዙ ላይ ይረፍ። በኤምሬቶች ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራው የሥራ ሕግ የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ የ30 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ ነው፤ የቤትና የትራንስፖርት አበል አይቆጠርም። ጠቅላላ 12,000 ድርሃም የሚከፈላቸው ሁለት መምህራን አሉ እንበል፤ የአንደኛዋ መሠረታዊ 10,000፣ የሁለተኛዋ 5,000 ነው። በወር የሚያገኙት እኩል ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን አንደኛዋ 35,000፣ ሁለተኛዋ 17,500 ይዛ ትወጣለች። የሙከራ ጊዜው ከስድስት ወር ሊበልጥ አይችልም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አገሩን ለቆ ለመውጣት የ14 ቀን፣ እዚያው ወደ ሌላ አሠሪ ለመዛወር የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይጠበቃል። የልጆቻችሁ የትምህርት ክፍያ ለስንት ልጅና በምን ያህል እንደሚሸፈን፣ የአውሮፕላን ትኬቱ ለእናንተ ብቻ ነው ወይስ ለቤተሰብ፣ በጽሑፍ ካልሰፈረ የለም ማለት ነው።

እንደገና ወደ እናንተ፣ ወደ ሬጅስትራሮች። ከላይ ከዘረዘርነው ሁሉ አንዱን ብቻ መሥራት የምትችሉ ከሆነ ኢሜይሉን ሥሩ። የመጪው ዓመት ጥያቄዎች ጥቅምት ላይ መምጣት ይጀምራሉ። ከዚያ በፊት፣ በግል አድራሻችሁ፣ የአንድ ዲግሪ ስካን አያይዛችሁ በድረ ገጻችሁ ላይ ወደተለጠፈው አድራሻ አንድ መልእክት ላኩ። በስንት ቀን እንደሚከፈት፣ ማን እንደሚከፍተው፣ መልስ ይመጣ እንደሆነ እዩ።

ከአክብሮት ጋር፣

በውጭ አገር ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች የምናስተምር ኢትዮጵያውያን መምህራን